ሰባት የወለደችው ነጃት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ «የኮምፒውተር ሰዎች ወሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያልረሳሁት በአንዲት ቃል ምክንያት የሰው ነፍስ ልትጠፋ ስለነበረ ነው።

ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ኮልፌ ነው። የምሠራው በአንድ የግል የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ማዕከል ውስጥ የኔትዎርክ ባለሙያ ሆኜ ነው። ማዕከሉ ያኔ ሁለት ቤት ነበረው። አልጋውና ኦፕራሲዮን ክፍሉ ቤቴል ናቸው። ላቦራቶሪውና የታካሚዎች ካርድ የሚቀመጥበት ሰርቨር ደግሞ አየር ጤና ናቸው። በዚያ ክረምት ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ጦር ኃይሎች አካባቢ ልንከፍት ሽር ጉድ እያልን ነበር።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በየቅርንጫፉ ራውተር የምንለው ሳጥን አለ። ራውተሮች እርስ በርሳቸው ያወራሉ። አንዱ «እነዚህ እነዚህ ኔትዎርኮች እኔ ጋ ናቸው» ይላል፤ ሌሎቹ ይሰሙና መንገዱን ይይዛሉ። የሚያወሩበት ደንብ በእኛ ቤት ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለው ነው። የዚህ ደንብ ጥሩነቱም መጥፎነቱም አንድ ነው፤ አንዱ የተናገረውን ሁሉም ወዲያው ሰምቶ ያምናል። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አዲስ ራውተር ሲተከል ከጀርባው ያሉትን ኔትዎርኮች ለሌሎቹ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ጥንቃቄ ያለው ሰው አንድ በአንድ በስማቸው ያስተዋውቃል። አቋራጭም አለ፤ «ሪዲስትሪቢዩት ኮኔክትድ» የሚባል ትዕዛዝ ነው። ባጭሩ «ካንተ ጋር በቀጥታ የተገናኘውን ሁሉ ለሁሉም አውራ» እንደማለት ነው። ሁሉ ሲባል ደግሞ ሁሉ ነው፤ ለእንግዳ የሚታየውም፣ ጓዳ የተደበቀውም።

ጦር ኃይሎች ደግሞ ጓዳ የደበቅነው ነገር ነበረን። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች የካርድ አሠራር የሚለማመዱበት ማሽን ነው። ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት ሰው የአየር ጤናውን ሰርቨር እንዳለ ገልብጦ አስቀመጠው፤ አድራሻውን እንኳ አልቀየረም። ለምን ስለው፣ የልጆቹን ኮምፒውተሮች ሁሉ እንደገና መነካካት አሰልቺ መሆኑን ነገረኝ። ደግሞም ማሽኑ ለብቻው በራሱ ፖርት፣ ማለትም ራውተሩ ላይ ባለ የራሱ የገመድ መሰኪያ፣ ላይ ስለተሰካ ከዚያ ክፍል ውጪ ማንም አያየውም አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያኔ ማንም አያየውም ነበር።

ለልምምድ የማንም ታካሚ ካርድ እንዳይነካ ተብሎ ስለነበር ነጃት የራሷን ሰጠች። ነጃት ቤቴል ካርድ ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ክትትሏም እዚያው እኛ ጋ ነው። «በእኔ ካርድ እንደ ልባቸው ይጫወቱ» አለች።

እነሱም ተጫወቱ። ዕድሜዋን ከፍ ዝቅ አደረጉት። መሙላት ሲለማመዱ ሰባት ልጅ አስወለዷት። ማጥፋት ሲለማመዱ ደግሞ ካርዷ አናት ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ ማስጠንቀቂያ አጥፍተው በቦታው «አለርጂ፦ የለም» ብለው ጻፉ። ቀዩን ጽሑፍ ከመጥፋቱ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን ልብ ብዬ አላነበብኩትም። የሰባቱን ልጆች ነገር ስነግራት ነጃት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባሏ ጀማል ሹፌር ነው፤ ይህን ቢሰማ ከመንገድ አይመለስም አለች።

ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። የሥራ ጓደኛዬ ብሩክ ጦር ኃይሎች ሆኖ አዲሱን ራውተር ሊያገናኝ፣ እኔ ቤቴል ሆኜ በዚህ በኩል መድረሱን ላረጋግጥ ተስማምተን ነበር። ብሩክ እጁ ፈጣን የሆነ፣ ሥራ የማይከብደው ልጅ ነው። ሲሠራ ስልክ መደወልም ይወዳል፤ በየደቂቃው እየደወለ ሲያስቸግረኝ «ዝጋውና ሥራህን ሥራ» እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ላፕቶፔን ይዤ ካርድ ክፍል ነጃት አጠገብ ተቀመጥኩ። የወሊድ ፈቃድ በሚቀጥለው ሳምንት እንደምትወጣ እያወራችልኝ ነበር። በመሃል ዝም አለች። ቀና ብዬ ሳያት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊቷ ነጥቷል። «ሰሚ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፤ ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ስይዛት ቀሚሷ ርሷል። እጄን ሳየው ደም ነው።

በቃሬዛ አንስተው ሲወስዷት ራሷን አታውቅም ነበር። የአዋላጆቹ ኃላፊ ሲስተር ዓለምነሽ ሮጠው መጡ። ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው፣ አንቱ የምንላቸው ሴት ናቸው። ዶክተሩ አይቷት እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቋል፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች እናትም ልጅም ያልፋሉ አለ። ጀማል ጋ ደወልኩ። ቡታጅራ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ለነጃት ቤተሰብ ማለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጀማል ጋ ደግሜ ስደውል የብሩክ መልእክት በቴሌግራም ገባ። አንድ በአንድ ማስተዋወቁ እንዳሰለቸው፣ ሁሉንም በአንዴ እንዳስተዋወቃቸው፣ የአዲሱ ቅርንጫፍ ስልኮችም መሥራት እንደጀመሩ ጽፏል። እሺ ብዬ መለስኩለት። ዓይኔ አነበበው እንጂ ልቤ አላነበበውም።

ትንሽ ቆይተው ሲስተር ዓለምነሽ የነጃትን ካርድ ሊያዩ ወደ ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር መጡ፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ተመለከቱ። ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ይቺ ልጅ ሰባት ወልዳለች እንዴ?» አሉ።

ክው አልኩ። ለአፍታ ያህል ሌላ ሰው የጻፈው ስህተት ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ሰባቱን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ከለማጆቹ ጋር አብሬ ስቄባቸዋለሁ። ይህ የልምምዱ ካርድ ነው። ጦር ኃይሎች ተቆልፎበት የነበረው ካርድ ቤቴል ምን ይሠራል? ያኔ የብሩክ መልእክት ትዝ አለኝ። «ሁሉንም» ነው ያለው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቤት ስትፈልጉ አንዱ «አየር ጤና ነው» ቢላችሁ፣ ሌላው ደግሞ «ከጋራዡ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ቢላችሁ የምትከተሉት ሁለተኛውን ነው፤ አብራርቶ የነገራችሁ እሱ ነውና። ራውተርም እንደዚያው ነው፤ ጠበብ አድርጎ የሚጠቁመውን ያስቀድማል። የልምምዱ ማሽን የተሰጠው የአድራሻ ክልል ከእውነተኛው ሰርቨር ክልል ይጠብ ነበር። አዲሱ ራውተር ስለ እሱ ባወራ ቅጽበት የቤቴል ኮምፒውተሮች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ጦር ኃይሎች አዞሩ። ማሽኑ ግልባጭ ስለሆነ የይለፍ ቃላችንን ያውቃል፣ መልኩም ያው ነው። ምንም ነገር አልተቋረጠም። ቢቋረጥማ በወደድኩ፤ ሁሉም ይደነግጥ ነበር።

ብሩክ ጋ ደወልኩ። ጦር ኃይሎች መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እየሠራ ነው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል።

«ብሩክ፣ የልምምዱ ማሽን ቤቴል እየታየ ነው። ዝጋው፤ አሁኑኑ ዝጋው» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ» አለ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

በእኛ ሥራ ፖርት ይዘጋል ነው የሚባለው፤ «ዝጋው» ካልኩት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ብዬ አመንኩ። ለሲስተር ካርዱ ተሳስቶ እንደነበር፣ አሁን መስተካከሉን፣ እንደገና እንዲከፍቱት ነገርኳቸው። ከኦፕራሲዮን ክፍል እየተጠሩ ስለነበር ውስጥ ባለው ኮምፒውተር እንደሚያዩት ነግረውኝ እየተጣደፉ ገቡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። እኔ ካርድ ክፍሉ ቀረሁ።

ላፕቶፔን ከፍቼ መንገዱ መስተካከሉን ላረጋግጥ ስል ስልኬ ጠራ። ብሩክ ነው። አሁን ጄኔሬተሩ ርቆ ይሰማል፤ ወደ ደረጃው ወጥቶ ነው የደወለው።

«ሰሚ፣ ቅድም አልሰማሁሽም፤ ምን ልትይኝ ነበር?»

«ዘጋኸው አይደል?»

«አዎ፤ ስትቆጪ ጊዜ ዘጋሁት።»

«ምኑን?»

«ስልኩን ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሮጥኩ። ኮሪደሩ አላልቅ አለኝ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ጫማ የሚወለቅበት ቀይ መስመር አለ፤ ከሥራ ሰዎች በቀር ማንም አያልፈውም። እኔ ጭቃ በጠገበ ጫማ፣ ሻርፔ ከራሴ ወርዶ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ነጃት ተኝታለች። አፏ ውስጥ ቱቦ ተሰክቷል፣ ዓይኗ በፕላስተር ተሸፍኗል። የማደንዘዣ ባለሙያው መርፌ ይዞ ክንዷ ላይ ወዳለው የግሉኮስ ጎማ እያስጠጋ ነው።

«አትስጧት» አልኩ። ድምፄ የሰው አይመስልም ነበር።

ዶክተሩ ጓንት ያደረገ እጁን አየር ላይ እንደያዘ ዞረብኝ። ማን እንዳስገባኝ ጠየቀ፤ ውጪ አለኝ። ሲስተር ዓለምነሽም አዝነውልኝ ነው መሰል በለሆሳስ፣ አሁን እንደገና ከፍተው አናቱ ላይ አለርጂውን ብቻ እንዳዩ፣ ካርዱም የለም እንደሚል ነገሩኝ።

«የለም ብለው የጻፉት ለማጅ ልጆች ናቸው፣ ሲስተር። ያ የነጃት ካርድ አይደለም።»

ማንም አልገባውም። እንዴት ይግባው? ስክሪኑ ላይ ስሟ አለ፣ የአባቷ ስም አለ፣ ፎቶዋ አለ። ከፊታቸው ሰው ደም እየፈሰሰው አንዲት የኮምፒውተር ሠራተኛ ገብታ ስክሪኑን አትመኑ ትላለች። ዶክተሩ ታዲያ የማይስማማት መድኃኒት ምንድን ነው አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም፤ አላውቀውም። በቀይ የተጻፈ ነገር እንደነበረ ብቻ ነው የማውቀው። ይህንኑ ነገርኩት።

የማደንዘዣ ባለሙያው ዶክተሩን አየው። ዶክተሩ ነጃትን አየ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሳህኑ ጠቆመ፤ መርፌው ሳህኑ ላይ ተቀመጠ።

አየር ጤና ላቦራቶሪ ያሉት ጋሽ ወልዴ ትዝ አሉኝ። የእሳቸው ኮምፒውተር ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር አንድ ቤት ነው ያለው፤ ጎረቤቱን ለማግኘት ራውተር መንገድ አይጠይቅም። እሳቸው የሚያዩት ካርድ ትክክለኛው ነው ማለት ነው። ስልኬ ስለሌለ በሲስተር ስልክ ደወልን። ሲስተር ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አድርገው ያዙት። ጋሽ ወልዴ በተፈጥሯቸው ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ሰላምታ ጀመሩ። ሲስተር አቋርጠዋቸው የነጃትን ካርድ እንዲከፍቱ፣ አናቱ ላይ ያለውን እንዲያነቡ ለመኗቸው። የመዳፊቱ ጠቅታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ቆመን ስንጠብቅ የነጃትን የልብ ምት የሚያሳየው መሣሪያ እየፈጠነ ነበር።

«በቀይ ነው የተጻፈው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ፔኒሲሊንና የዚያ ዘመድ የሆነ ሁሉ እንዳይሰጣት ይላል። ከዚህ በፊት ወስዳ ጉሮሮዋ አብጦ መተንፈስ አቅቷት ነበር።»

ሳህኑ ላይ ያለው አምፒሲሊን ነበር። የፔኒሲሊን ወንድም ነው።

ዶክተሩ ሌላ መድኃኒት አዘዘና ወደ ሥራው ዞረ። እኔን አንዲት ነርስ በክንዴ ይዛ አስወጣችኝ።

ስልኬ ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቆ ተገኘ። ብሩክ ደጋግሞ ደውሎ ነበር። አነሳሁትና የልምምዱን ማሽን ፖርት እንዲዘጋ፣ ስልኩን ግን ጨርሶ እንዳይዘጋ ነገርኩት። የጻፈውን ትዕዛዝ ሰርዞ ፖርቱን ሲዘጋ ላፕቶፔ ላይ መንገዱ ወደ አየር ጤና ተመለሰ። ካርዷን ከፈትኩት። ቀዩ ጽሑፍ ቦታው ላይ አለ። የወለደቻቸው ልጆች በሚለው ቦታ ዜሮ ይላል። ዜሮውን ሳየው አዲስ ፍርሃት መጣብኝ፤ እንደዚያው ሆኖ ቢቀርስ?

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ አያሰማም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያቀላቀልኩ አልኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ የሚመስል ለቅሶ ሰማሁ። ሲስተር ዓለምነሽ በሩን ትንሽ ከፈት አድርገው፣ ሴት መሆኗን፣ ትንሽ ብትሆንም ትንፋሿ ደህና መሆኑን፣ ወደ ማሞቂያው እንደሚወስዷት ነገሩኝ። እናቷስ ስላቸው «ደሙ ቆሟል» አሉኝ። ነጃት ከሰዓት በኋላ ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችው ጀማል ተነግሮት እንደሆነ ነው።

ብሩክ በታክሲ መጣ። ከላይ እስከ ታች ርሶ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ወደ እኔ መቅረብ ፈርቷል። ልሰድበው ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሳየው ግን ተውኩት። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ ላፕቶፔን ከፍቼ ቀዩን ጽሑፍ አሳየሁት።

ሰኞ የልምምዱ ማሽን አድራሻ ተቀየረ። ያ ትዕዛዝም በእኛ ቤት ተከለከለ፤ አሁን እያንዳንዱ ኔትዎርክ በስሙ ተጠርቶ ነው የሚተዋወቀው። እኔና ብሩክ ደግሞ የራሳችንን ሕግ አወጣን፤ «ዝጋው» ብሎ ዝም የለም፣ የሚዘጋው ነገር ይጠራል። ሰዎች የቢሮውን በር ስንዘጋ እንኳ ስሙን ስንጠራ ሲሰሙን ይስቁብናል። ይሳቁ።

ለነጃት የነገርኳት አራስ ቤት ሆና ነው። ሰባቱን ልጆች ስትሰማ እንደ በፊቱ ሳቀች፤ ስፌቱ አመማትና ሆዷን ያዘች። ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«መድኃኒቱ የታዘዘው ለእሷ ነበራ፤ ለሰባቱ ልጆች እናት» አለች። ሕፃኗን ከአጠገቧ አንስታ አቀፈቻት፤ ለረጅም ጊዜም አላወረደቻትም።

ሕፃኗ አርባ አምስት ቀን ሲሞላት ነጃት ለክትባት ይዛት መጣች። የመጀመሪያ ካርዷ የሚከፈትላት ቀን ነበር፤ እኔም ላያት ወረድኩ። ካርድ ክፍል ነጃትን ተክታ የምትሠራው ልጅ የሕፃኗን ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀን ሞላች። አለርጂ የሚለው ጋ ስትደርስ ሳትጠይቅ «የለም» ብላ ጻፈች። ማንም ቢሆን እንደዚያ ይጽፋል፤ ሕፃን ልጅ ናት።

ነጃት እጇን ዘርግታ የካርድ ሠራተኛዋን እጅ ያዘች።

«የለም አትበዪ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ገና አልታወቀም ብለሽ ጻፊ።»

ሠራተኛዋ ምንም ሳይገባት አጥፍታ ጻፈች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ፤ ያን ቅዳሜ ያላለቀስኩትን ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።